ውሻ ያዙልን!

የእህቴ ልጅ የሚኖረው ካናዳ ነው። ሌሊት መጋዘን ውስጥ ይሠራል፣ ቀን ይተኛል፤ የሚደውልልኝ ደግሞ ሁልጊዜ ምሳ ልበላ እጄን ታጥቤ ስቀመጥ ነው። ባለፈው ግንቦት ደወለና ጤናዬን፣ የእናቱን ጤና፣ የከተማችንን የአርብ ገበያን ዝናብ አንድ በአንድ ጠይቆ ሲያበቃ፣

«ጋሼ፣ አንድ የጥሪ ደብዳቤ እንዲጽፉልኝ ፈልጌ ነበር» አለኝ።

የጎረስኩትን ሳልውጥ እልል ልል ምንም አልቀረኝ። ልጁ ሠላሳ ስድስት ዓመቱ ነው። እናቱ ለዚህ ቀን ያልተሳለችበት ደብር የለም።

«ልጅቱ የማን ልጅ ናት?»

«ሠርግ አይደለም ጋሼ። የውሻ ውድድር ነው።»

ነገሩን ለመረዳት ሦስት ቀን ፈጀብኝ። ለእናቱ ማስረዳቱ ግን እስከ ዛሬ አልሆነልኝም። ባጭሩ፣ ልጁ ብቸኝነቱ ሲከብደው ውሻ ገዛ። («ገዛ» ስል እኔም ይገርመኛል። አርብ ገበያ በሬ፣ በግ፣ ማር፣ ጌሾ ሲሸጥ አይቻለሁ፤ ውሻ ሲሸጥ አይቼ አላውቅም። ቡችላ ይለመናል፣ ይሰጣል፣ ሲብስም ይሰረቃል፤ ዋጋ ግን የለውም።) ውሻውን ይዞ ሲንሸራሸር ከሌላ ባለ ውሻ ጋር ተዋወቀ፤ ያም ባለ ውሻ ማኅበር አስገባው። ማኅበሩ የጽዋ አይደለም። ፍላይቦል የሚሉትን ጨዋታ የሚጫወቱ ውሾችና የውሾቹ ጌቶች ማኅበር ነው።

ጨዋታው እንዲህ ነው። አራት ውሻ ያለው ቡድን ከሌላ አራት ውሻ ካለው ቡድን ጋር ጎን ለጎን ይሰለፋል። ከፊቱ አራት መሰናክል ተደርድሯል፤ ከመሰናክሉ ማዶ ሣጥን አለች። ውሻው መሰናክሉን ሁሉ ዘሎ ሣጥኗን በእግሩ ሲመታት ኳስ ታስፈነጥርለታለች። ኳሷን በአፉ ቀልቦ፣ አራቱን መሰናክል መልሶ ዘሎ ለጌታው ይመጣል፤ ከዚያ ተራው የሌላው ውሻ ነው። ከመነሻው እስከ ሣጥኗ 51 ጫማ፣ አሥራ አምስት ሜትር ተኩል ገደማ ነው። ጎበዝ የሚባሉት ቡድኖች አራቱንም ውሾች ልከው እስኪመልሱ 15 ሰከንድ አይሞላም። ጨዋታው ካሊፎርኒያ ተወልዶ ቶሮንቶና ዲትሮይት አካባቢ ነው ያደገው፤ በ1984 እ.ኤ.አ. የሰሜን አሜሪካ ማኅበር ተቋቁሞለት ደንብ ወጣለት። በዚያ ዘመን እኛ አገር ሰው ለራሱ የሚቀምሰው አጥቶ ነበርና ወሬውን ሳንሰማ ብንቀር የሚፈርድብን የለም።

ከደንቡ ሁሉ አንዱን እጅግ ወድጄዋለሁ። የመሰናክሉ ቁመት የሚለካው በቡድኑ አጭር ውሻ ነው። ሦስቱ ውሾች ጥጃ ቢያህሉ እንኳ አራተኛው ድንክ ከሆነ እንጨቱ ለእሱ ዝቅ ይላል፤ ሌሎቹም በዚያው ይዘላሉ። መዋጮው በድሃው አቅም የሚቆረጥ እድር ማለት ነው። በዚህ ምክንያት ቡድን ሁሉ አጭርና ፈጣን ውሻ ፍለጋ አገር ያስሳል አሉ። የቀዳማዊ ኃይለ ሥላሴ ትንሿ ውሻ ሉሉ ዛሬ ብትኖር ኖሮ ሰሜን አሜሪካ በሙሉ በተሻማባት ነበር።

«እሺ፣ እኔ ምን ላድርግልህ?» አልኩት።

«ጋሼ፣ ቅርብ ያሉት ይመጣሉ። የእኛ ከተማ ወደ ሰሜን ገባ ያለች ስለሆነች ሩቆቹ ናቸው ያስቸገሩን። አሥር ሰዓት ሙሉ መንዳት አለባቸው። ወረቀት ብንልክ ዝም ይላሉ። ማኅበሩ ሩቆቹን የመጥራቱን ሥራ ለእኔ ሰጠኝ።»

እኔን ለምን እንደጠየቀ ገብቶኛል። አርብ ገበያ አስተማሪ ሳለሁ የከተማዋ ጥሪ ጸሐፊ ነበርኩ። የሠርግ ነው የክርስትና፣ የተዝካር ነው የምረቃ፣ በእኔ እጅ ያልተጻፈለት ቤት ጥቂት ነው። ወረቀቱ ታዲያ ለመሥሪያ ቤት ሰው ነው፤ ለገጠሩ ልጅ ይላካል። እናቴ፣ ነፍሷን ይማርና፣ ልጅ የመላክ ሕግ ነበራት። ለቅርብ ሰው አንድ ጊዜ ይላካል፤ ለሩቅ ሰው ሦስት ጊዜ። የመጀመሪያው ይነግረዋል፣ ሁለተኛው ያሳምነዋል፣ ሦስተኛው ያሳፍረዋል። ሦስት ጊዜ ተልኮበት የቀረ ሰው ካለ ወይ ታሟል፣ ወይ የመታመም ግዴታ አለበት።

ደግሞስ ከተማዋ ራሷ ጥሪ አይደለችም? አርብ ገበያ። ቀኑም ጉዳዩም ከስሟ ላይ አለ፤ የቀረው ሰዓቱ ብቻ ነው።

አሥር ሰዓት መንዳት የሚለው ነገር ግን ከነከነኝ። የእኛው የታች ጋይንቷ ቤተልሔም የድጓ ምስክር ቤት ናት። የያሬድን ድጓ የትም ይማረው የት፣ አስመስክሮ መምህር ልሁን የሚል ሰው መንገዱ ወደ ቤተልሔም ነው። ዝማሬ መዋሥዕት የፈለገ ደግሞ እዚያው ጋይንት ዙር አምባን ይጠይቃል። እኔ ልጅ ሳለሁ ከጎጃም፣ ከትግራይ፣ ከሸዋ፣ ከወሎ በእግሩ ሲመጣ ያየሁት የቆሎ ተማሪ ቁጥር የለውም። ማንም ወረቀት አልላከለትም። ማንም «መጥተው የደስታችን ተካፋይ ይሁኑ» አላለውም። ሲደርስ የሚቀበለው ደግሞ፣ እውነቱን እንነጋገር ከተባለ፣ ውሻ ነው።

የውሻ ውድድር ሲሉኝ የመጣብኝም ይኸው ነው። እኛ አገር ውሻ ከውሻ ጋር አይወዳደርም፤ ይጣላል እንጂ። የሚወዳደረው ከተማሪ ጋር ነው። ተማሪው ደበሎውን ለብሶ፣ አኩፋዳውን አንግቶ፣ ዱላውን ይዞ ከደጅ ይቆምና «በእንተ ስማ...» ብሎ ይጀምራል። «ለማርያም» ሳይል ውሻው ደርሷል። ያን ጊዜ መሰናክሉ የእሾህ አጥር ነው፤ የሚዘለውም በውሻው ብቻ አይደለም።

የእኛ ቤት ውሻ ስሙ ምን ቸገረህ ነበር። ስሙ የወጣው ለጎረቤታችን ነው። አባቴ ከሰውየው ጋር በወሰን ተጣልቶ ነበርና ማታ ማታ ውሻውን ለመጥራት ከሚገባው በላይ ድምፁን ከፍ ያደርግ ነበር። ጎረቤታችን ሰምቶ ዝም የሚል ሰው ስላልነበረ ቡችላ ለምኖ አመጣና ዳኛ አለ ብሎ ሰየመው። ሁለት ዓመት ሙሉ በውሻ ተሟገቱ። ሽማግሌ ሲያስታርቃቸው ስሙ ይለወጥ ወይ የሚል ጥያቄ ተነሥቶ፣ ውሾቹ ለምደውታል ተብሎ ታለፈ።

ምን ቸገረህ ካመለጠባቸው ቀኖች አንዱን አልረሳውም። ሐምሌ ነው፤ ካፊያ አለ። ከጎጃም የመጣ አንድ ቀጭን ተማሪ ከበራችን ቆመ። ውሻውን እንድይዝ የታዘዝኩት እኔ ነበርኩ፤ እኔ ግን እሳት ዳር በቆሎ እየጠበስኩ ነው። ስወጣ ምን ቸገረህ አጥሩን አልፎ በቀስት ፍጥነት ይወርዳል። ተማሪዎች የውሻ አፍ የሚያስር አስማት ያውቃሉ ይባል ስለነበር ምን ሊያደርግ ነው ብዬ ቆሜ አየሁ። ልጁ ጭቃው ላይ ቁጭ አለ። ዱላውን አጠገቡ አጋደመ፣ አኩፋዳውን ጭኑ ላይ አደረገ፣ ከዚያም ካቆመበት ቃል ቀጠለ፤ «ለማርያም።» ውሻው አንድ ክንድ ሲቀረው በአራት እግሩ ተንሸራቶ ቆመ። የቆመ ሰው እንጂ የተቀመጠ ሰው መንከስ አልተማረም። ከአፍንጫው የሚወጣው ትንፋሽ የተማሪውን ደበሎ ጠጉር ሲያርገበግበው እስከ ዛሬ ይታየኛል።

እናቴ ወጥታ ውሻውን በማጅራቱ ያዘችና መጀመሪያ እሱን፣ ቀጥላ እኔን ሰደበችን። ለተማሪው እንጀራ በወጥ ብቻ ሳይሆን ለድንጋጤው ካሳ ብላ የእኔን በቆሎ ጨመረችለት። ከዚያ ቀን ወዲህ ምን ቸገረህ ያን ተማሪ ሲያይ ጭራውን ይቆላለት ነበር። ሌሎቹን ተማሪዎች ግን እንደ ወትሮው።

ኳስ ይዞ መመለስ የሚሉት ነገር ላይ ደግሞ ከእህቴ ልጅ ጋር ክፉኛ ተከራከርን። ውሻ መሮጥ ይችላል፣ መዝለል ይችላል፤ በዚህ ክርክር የለኝም። ከማማ ሆነን ማሽላ ስንጠብቅ ዝንጀሮ ሲመጣ በወንጭፍ ድንጋይ እንልካለን፤ ድንጋዩ ሳያርፍ ምን ቸገረህ ገደል አፋፍ ደርሷል። ድንጋዩን ይዞ የተመለሰበት ቀን ግን የለም። ጋይንት ውስጥ አፉ ውስጥ የገባውን ነገር ይዞ ወደ ጌታው የሚመለስ ውሻ አላየሁም፤ ሲሳይ ካገኘ ወደ ቁጥቋጦ ነው የሚሄደው። «የእናንተዎቹ ለምን ይመልሳሉ?» ብዬ ጠየቅሁት።

«ሲመልሱ ሥጋ እንሰጣቸዋለንና ጋሼ።»

«ከኳሷ በፊት ብትሰጡትስ?»

«ከዚያማ አይሮጥም።»

ይሄ መልስ ስለ ውሻ ብቻ አልመሰለኝም፤ ግን አለፍኩት።

ደብዳቤውን ለመጻፍ ቀን ያስፈልጋልና መቼ ነው አልኩት። «በሰመር ነው ጋሼ፤ በክረምት፣ ሐምሌ መጨረሻ» አለኝ። እዚህ ላይ ብዕሬን አስቀመጥኩ። በክረምት እንግዳ የሚጠራ ሰው በእኛ አገር አእምሮው ይጠረጠራል። ገና የሚመታው በታኅሣሥ ነው፤ ጉግስ የሚጋለበው በጥምቀት ነው። የአገው ፈረሰኞች ማኅበር በ1932 ዓ.ም. ሲመሠረት ቀኑን ጥር 23 ያደረገው፣ የዓድዋ ፈረሶች መታሰቢያ መሆኑ እንደተጠበቀ ሆኖ፣ እንጅባራ ሜዳ ደርቆ ፈረስ የሚያስሮጥበት ወር ስለሆነም ይመስለኛል። ሐምሌ ላይ የበሽሎ ወንዝ ይሞላል፤ ወሎ ማዶ ላለ ዘመድ የላክኸው ጥሪ ለመስከረም ይደርሳል። ከነፋስ መውጫ ቆርጦ ወደ አርብ ገበያ የሚወርደው መንገድ ደግሞ በዚያ ወር ከመኪና ይልቅ ለዳክዬ የተመቸ ነው።

«ጋሼ፣ የእኛ ሐምሌ ፀሐይ ነው። ጭቃ የለም። በጋ በሉት።»

በጋ ብዬ ብጽፍ ሰው ታኅሣሥ ይመጣል፤ ታኅሣሥ ላይ ደግሞ እነሱ ዘንድ ኳሷም ሣጥኗም በረዶ ሥር ናት። ክረምት ብዬ ብጽፍ ዣንጥላ ይዞ ይመጣል። ካናዳውያኑ አማርኛ እንደማያነቡ፣ ልጁም ወደ እንግሊዝኛ እንደሚመልሰው እያወቅሁ ይህን ሳብሰለስል ግማሽ ቀን ሄደብኝ። በመጨረሻ «ጭቃ በሌለበት ሐምሌ» ብዬ ገላገልኩት።

የእኛን ውሻ እንላክ ወይ የሚል ቀልድም ነበረን። ካናዳ የሚገባ ውሻ የእብድ ውሻ በሽታ ክትባት የተከተበበት ወረቀት ይጠየቃል። የገጠሩ ውሻችን እንኳን የክትባት ወረቀት የልደት ቀኑም የሚታወቀው «ሰብል ስንሰበስብ የተወለደው» በሚል ነው። ቀልዱ እዚህ ላይ ቆመ፤ ምክንያቱም በልጅነታችን ያበደ ውሻ የነከሰው ሰው ጸበል ሲወሰድ አይተን፣ ሲመለስ ያላየንበት ጊዜ አለ። ከተከተበ ውሻ ጋር ኳስ መጫወት የሚያስቀው እኛን ብቻ ሊሆን ይችላል።

ደብዳቤውን የማታ ማታ ጻፍኩት። «ጠሪ አክባሪ ነው» ብዬ ጀመርኩ፤ ያለዚህ የሚጀመር ጥሪ አላውቅም። ከዚያ የሚያድሩበትን ቤት፣ የሚበሉትን፣ ውሾቻቸው የሚታሰሩበትን ጥላ፣ ውሃው ከየት እንደሚቀዳ ጻፍኩ። የማኅበሩ ሰዎች ልከውት የነበረውን ወረቀት ልጁ አንብቦልኝ ነበር፤ ክፍያው፣ የመሰናክሉ ልክ፣ የመመዝገቢያው ማብቂያ ቀን፣ ውሻው ቢነክስ የሚቀጣው ቅጣት ነው ያለበት። እንዲህ ያለ ወረቀት መጥሪያ እንጂ ጥሪ አይባልም። መጥሪያ የደረሰው ሰው ደግሞ በጠበቃ ነው የሚመጣው።

«ሽልማቱን ጎላ አድርገው ይጻፉልኝ» አለኝ።

«ሩቅ የሚመጣ ሰው ለዋንጫ አይመጣም» አልኩት። «ዋንጫውማ ለባለቤቱ ይቀራል ብሎ ነው የሚያስበው። ዳኛው የእናንተ፣ ሜዳው የእናንተ፣ ውሻ በበላበት ይጮኻል።»

ልጁ ግን በዚህ ነገር አንብቧል። በ1873 እ.ኤ.አ. ዌልስ ውስጥ ባላ በምትባል ከተማ የበግ ጠባቂ ውሾች ውድድር ተካሄደ፤ በብሪታንያ ከታወቁት የመጀመሪያው ነው። ዌልሶቹ በሜዳቸው፣ በኮረብታቸው፣ በበጎቻቸው ሲጠብቁ ያሸነፈው የአንድ ስኮትላንዳዊ ውሻ ሆነ፤ ስሙ ትዊድ። ይህን ሲነግረኝ ጅብ በማያውቁት አገር ቁርበት አንጥፉልኝ ማለቱ አልፎ አልፎ እንደሚሠራለት ገባኝ። «እንግዲያው ጻፈው» አልኩት፤ «እንግዳ አሸንፎ ያውቃል በል።» ይቺ አንዲት መስመር ከሰላምታው ቀጥላ ገባች።

ማሳረጊያው ላይ ግን አልተግባባንም። እኔ ያልኩት «ደርሳችሁ ከበር ስትቆሙ ውሻ ያዙልን በሉ፤ እንወጣለን» ነው። በእኛ አገር እንግዳ ቤቱን አይቶ ዝም ብሎ አይገባም። አጥሩ ጋ ቆሞ «ቤቶች! ውሻ ያዙልን!» ይላል። ያን ጊዜ ከቤቱ ትንሹ ልጅ ሮጦ ወጥቶ በውሻው ላይ ይተኛል፤ አባወራው ነጠላውን እያስተካከለ ብቅ ይላል፤ እናትየዋ ምጣድ ትጥዳለች። እስከዚያ ድረስ ወረቀት የተላከለትም ሦስቴ ልጅ የተላከበትም ሰው ገና አልተጠራም። ውሻው ሲያዝለት ነው የተጠራው።

«ጋሼ፣ ሁሉም ውሻ ይዘው ነው የሚመጡት። ማን የማንን ውሻ ይይዛል?»

«አንተ ያዝላቸዋ! አሥር ሰዓት የነዳ ሰው ጀርባውን ሳያቀና ውሻ ሊጎትት ነው?»

ዝም አለ። ከዚያ ሳቀ። እንዳለ መልሼ እልከዋለሁ አለኝ። ላከውም፤ ለእያንዳንዱ ቡድን ሦስት ሦስት ጊዜ።

ነሐሴ መባቻ ላይ እንደገና ምሳዬ ላይ ደወለ። ከሩቅ ሦስት ቡድን መጥቶ ነበር። አንደኛው አሥራ ሁለት ሰዓት ነድቶ ሌሊት ደርሶ፣ ከማኅበሩ ግቢ ደጅ መኪናውን አቁሞ በመስኮት «ውሻ ያዙልን!» ብሎ በአማርኛ ጮኸ። ልጁ ቃሉን በእንግሊዝኛ ፊደል ጽፎላቸው ኖሯል። ግቢው ውስጥ ያለ ውሻ ሁሉ በአንድ ጊዜ ተነሥቶ ሲጮኽ የእህቴ ልጅ በካልሲው ወጥቶ አራቱን ውሾቻቸውን ያዘላቸው።

ዋንጫውን የወሰዱት እነሱ ናቸው። አጭሯ ውሻቸው ከድመት ብዙም አትበልጥም አለኝ።